ከጎታችዋ የከበደች ቤት

ሜይ 9፣ ቅዳሜ

መጣች። ባሌ ኦረስት ከዮርክተን ከተማ ድረስ ጎትቶ አመጣትና በራችን ላይ አቆማት። ነጭ ናት፣ ጎኗ ላይ ሰማያዊ መስመር አላት። አልጋ፣ ምድጃ፣ ሽንት ቤት ሳይቀር የያዘች ተሳቢ ቤት። ከሩቅ ስትታይ በጀርባው አስተኝተው ጎማ የገጠሙለት ፍሪጅ ትመስላለች። ይህን ለባለቤቷ አልነገርኩትም።

ዕቅዱ እንዲህ ነው። ኦረስት ከትምህርት ቤቱ የጥገና ሥራ ጡረታ ወጥቷል፤ እኔም ከፖስታ ቤት ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ቤታችንን እንሸጣለን፤ ከዚያ ቤታችን ይህችው ተሳቢ ትሆናለች። በጋውን በተራሮቹ፣ ክረምቱን ደግሞ በረዶ በማያውቀው በአሪዞና እናሳልፋለን።

የምትጎትታት ያቺው ግራጫዋ ኤስዩቪያችን ናት። ትልቅ አይደለችም፣ ትንሽም አይደለችም። ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ታስባ የተገዛች መኪና ናት። ኦረስት መጽሐፏን ገልጦ አሳየኝ፤ እስከ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሰባ ኪሎ ትጎትታለች ይላል። ተሳቢዋ ባዶዋን ሺህ ሰባት መቶ ስድሳ ናት። «አምስት መቶ ኪሎ ትርፍ አለን» አለ፤ ደረቱን ነፍቶ።

ታላቅ ወንድሙ ሜትሮ ዕድሜውን በሙሉ የእህል መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። እጁን ኪሱ ከቶ ተሳቢዋን ዞራት። ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን አየና ቀና አለ።

«ባዶዋን ነው ያልከው» አለው። «ባዶ ቤት ውስጥ ማን ይኖራል?»

ኦረስት ወደ ቤት ገባ። ምሳ ላይ ድንቹን ብቻ ነው ያናገረው።

ሰው ሁሉ ታድለሽ ይለኛል። እኔም ደስ ብሎኛል። ለጎረቤታችን ለዶሪን ደስ ብሎኛል አልኳት። ለቄሱም ነገርኳቸው። ለልጃችን ለላሪሳም በስልክ ነገርኳት። አሁን እዚህም ጽፌዋለሁ።

ሜይ 17፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወደ ኋላ መንዳት ተለማመድን። ተለማመድን ማለት ኦረስት ነዳ፣ እኔ ከኋላ ቆሜ እጄን አወናጨፍኩ። ለካ ተሳቢ እንደ ባል ነው፤ ወደ ግራ ስትመሪው ወደ ቀኝ ይሄዳል።

«ወደ ግራ» እለዋለሁ።

«በማን ግራ?» ይለኛል።

«በተሳቢዋ ግራ።»

«ተሳቢዋ ፊቷ ወዴት ነው?»

በምድር ቤቱ ወጥ ቤት ለበዓሉ ድንች የሚሞላበትን ሊጥ፣ ፒሮጊውን፣ ይጠቀልሉ የነበሩት ሴቶች እጃቸው በዱቄት እንደነጣ ወጥተው ተደረደሩ። ሜትሮ ለራሱ ወንበር አመጣ። ተሳቢዋ አጥሩን አንድ ጊዜ፣ የቆሻሻ በርሜሉን ሁለት ጊዜ ሳመችው። ቄሱ በመስኮት አጮልቀው አይተው መጋረጃውን ዘጉ።

በመጨረሻ ሜትሮ ከወንበሩ ሳይነሣ ተናገረ። እጅህን ከመሪው ላይ ሳይሆን ከታቹ አድርግ፤ የተሳቢዋ ቂጥ እንዲሄድ ወደምትፈልግበት እጅህን ውሰድ፤ ቀስ በል አለው። ኦረስት እንደተባለው አደረገ፤ ተሳቢዋም ልክ እንደ መሳቢያ ገባች። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ኦረስት ማታውን ሙሉ ተኮሳትሮ አመሸ። ባይሳካለት ኖሮ ይህን ያህል አይናደድም ነበር።

ሜይ 28

ኦረስት «በጣም የሚያስፈልገንን ብቻ» አለ። ትክክል ነው፤ አስተዋይ ሰው ነው።

የብረት መጥበሻዎቼን ጫንኩ። ሦስቱንም። ቀለል ባለ መጥበሻ ላይ ዕንቁላል ይጣበቃል። የስፌት መኪናዬን ከተሳቢዋ ፊት ካለው መቀመጫ ሥር ከትቼ ብርድ ልብስ አለበስኳት። አልደበቅኳትም፤ እንዳትጫር ብዬ ነው።

ጁን 7፣ እሑድ

ወደ ጉድ ስፒሪት ሐይቅ ሙከራ ሄደን ተመለስን። ሌሊቱን በተሳቢዋ አደርን። አልጋው መጥፎ አይደለም፤ ኦረስት ሲገላበጥ ግን ቤቱ በሙሉ አብሮት ይገላበጣል።

ስንመለስ መሽቶ ነበር። ከፊት የሚመጣ መኪና ሁሉ መብራቱን ያበራልናል፣ ያጠፋልናል። ኦረስት ለእያንዳንዱ እጁን እያነሣ አጸፋውን መለሰ። «የዚህ አገር ሰው ጨዋ ነው» አለ። ሜትሮ በራችን ላይ ሲቀበለን ሳቁን መያዝ አቃተው። የተሳቢዋ ፊት ከብዶ የመኪናችን ቂጥ እንደ ውሻ ቁጢጥ ብሏል፤ አፍንጫዋ ከነመብራቷ ወደ ሰማይ ተቀስሯል፤ መንገዱን በሙሉ የሰው ዓይን ስናጠፋ ነው የመጣነው። ሰላምታ አልነበረም ማለት ነው። ስድብ ነበር።

ሜትሮ ክብደቱን ለመኪናዋ የፊት ጎማም ለተሳቢዋም የሚያከፋፍል የብረት ዘንግ ግዛና ግጠም አለው። ኦረስት ሌላ ሐሳብ ነበረው፤ ከፊት ያለውን ዕቃ ሁሉ ወደ ኋላ ማዛወር። ሜትሮን እንጠይቀው አልኩ። ዕቃ ከፊት ወደ ኋላ ማዛወር ምን የሚያስጠይቅ ነገር አለው ብሎ ተቆጣ። አዛወርን። የስፌት መኪናዋን ራሴ፣ እሱ ዞር ባለበት፣ ከኋላው አልጋ ሥር ወሸቅኳት።

መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ኦረስት ራቅ ብሎ እያያት እጁን አፋተገ። እኔም እንዴት ጎበዝ ነህ አልኩት። እንዲህ ማለቱን አበዛሁት መሰለኝ።

ጁን 19

ቤቱን የሚገዙት መጡ። አዲሶቹ መምህራን ናቸው፤ ብሬደንና ታኒስ። ታኒስ ነፍሰ ጡር ናት። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ ሳንነግራቸው አወለቁ። ዋጋው ላይ አልተከራከሩም። መልሳችንን እስከ ጁላይ መጨረሻ ይጠብቃሉ፤ እስከዚያ የኪራይ ቤት አላቸው።

ታኒስ በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መሃል ያለውን ግድግዳ መታ መታ አደረገችው። «ይህን እናፈርሰዋለን» አለች፤ «ብርሃን ይገባል።»

ጥሩ ሐሳብ ነው አልኳት። እውነትም ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔ በዚያ ግድግዳ ጀርባ ስንት ዓመት አምፖል አብርቼ ሽንኩርት ከትፌአለሁ።

ከሄዱ በኋላ ምድር ቤት ወርጄ በሆምጣጤ የዘፈዘፍኩትን ኪያርና ቀይ ሥር በሁለት ካርቶን አወጣሁና ጫንኩ። እዚህ ትተነው ብንሄድ ይበላሻል ብዬ ነው። ሆምጣጤ ውስጥ ያለ ነገር እንደማይበላሽ አውቃለሁ።

ጁን 27፣ ቅዳሜ

ኦረስት አሳስቦኛል። ጋራዡ ውስጥ ብቻውን ይቆማል። ምንም አይሠራም፤ ዝም ብሎ ይቆማል። ስጠራው ይደነግጣል። ዛሬ ደግሞ ወተት ግዢ ብሎ ላከኝ። ገዝቼ መጣሁ። ትንሽ ቆይቶ አሁንም ወተት ግዢ አለኝ። አሁን ገዛሁ እኮ ስለው ሌላ ዓይነት ነው የፈለግሁት አለ። ስመለስ በተሳቢዋ የኋላ በር ቆሞ ወገቡን ይዟል፤ ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል፤ ያለከልካል።

ልቡ ነው ብዬ ፈራሁ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ አልኩት። ሞቆኝ ነው አለ። እንኳን ሊሞቅ ሹራብ የሚያስለብስ ቀን ነበር።

ሲገባኝ ግን ለመሄድ ቸኩሎ ነው። ምስኪን። ዕድሜውን ሙሉ የትምህርት ቤት ቧንቧ ሲጠግን ኖሮ አሁን መንገዱ ጠራው። በራሴ አፈርኩ። ደስ ብሎኛል ስል ፊቴ ሌላ ነገር ብሎ እንደሆነስ? ከነገ ጀምሮ ፊቴን አስተካክላለሁ።

ጁላይ 2

ነገ እንነሣለን። መጀመሪያ ሜዲሲን ሃት፣ ላሪሳ ዘንድ። ከዚያ ተራሮቹ። ጥድፊያ ላይ ነኝ።

ሜትሮ ከመሪው ጎን አንዲት እጀታ ገጠመ። የተሳቢዋን ፍሬን ለብቻው የምትይዝ ናት። ሁለታችንንም እንደ ተማሪ አቁሞ አስረዳን።

«ተሳቢዋ ጭራዋን መቁላት ከጀመረች ፍሬን አትርገጥ፤ መሪውንም አታወዛውዝ። እግርህን ከነዳጁ አንሣና ይህችን ጨብጥ። ከኋላ ትይዝልሃለች።»

ከዚያ ጭነቷን ከውስጥ ልየው አለ። ኦረስት በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉ ጠፍቶብኛል አለው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ይንሿሿል። እኔም ፈጠን ብዬ ከጠዋት ጀምሮ እየፈለግነው ነው አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ሜትሮ አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየና ባርኔጣውን ደፋ።

የግድግዳ ሰዓቱን አወረድኩት። ጫንኩት። ምስማሩ ብቻውን ቀረ።

ጁላይ 4፣ ቅዳሜ

በሕይወት አለን። ከዚህ ልጀምር።

ሜትሮ ከዘጠና ኪሎ ሜትር አትለፍ ብሎት ነበር። ኦረስት እስከ ሜፕል ክሪክ ድረስ ቃሉን ጠበቀ። ከዚያ አንዲት አሮጊት በትንሽ መኪና ቀድማን ሄደች። ፊቱን አየሁት። መቶ አምስት ገባ።

ነፋሱ ከጎን ነበር። በግራና በቀኝ ቢጫ አበባ ያበቀለው የዘይት እህል እንደ ባሕር ይተኛል፣ ይነሣል። አንድ ረጅም የጭነት መኪና ከኋላ መጣና ሊቀድመን ወጣ። መጀመሪያ አየሩ ወደ ዳር ገፋን። ጎናችን ሲደርስ ደግሞ ወደ ራሱ ሳበን። አልፎ ሲሄድ ተሳቢዋ ኋላዋን ወደ ግራ ወረወረች፤ ቀጥላ ወደ ቀኝ። በእኔ በኩል ባለው ስፖኪዮ ሰማያዊው መስመሯ ሙሉ ለሙሉ ታየኝ፤ ጠፋ፤ እንደገና ታየኝ። በየጊዜው እየባሰ ሄደ። የመኪናችን ጀርባ አብሮ ተወሰደ። ኦረስት ፍሬን ረገጠ። ያኔ ነው ተሳቢዋ ልትገለብጠን የወሰነችው። ከኋላ ብርጭቆ ሲሰበር ሰማሁ፤ ከብርጭቆ የከበደ ሌላ ነገርም ወደቀ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም።

እጄ የሜትሮን እጀታ አገኛት። እኔ አይደለሁም ያገኘኋት፣ እጄ ናት። ጨበጥኳት። አንድ ሰው ከኋላ በኮሌታችን የያዘን ያህል ተሳቢዋ ወደ ኋላ ተጎተተችና ቀጥ አለች። «እግርህን አንሣ» አልኩት። አነሣ። እየተንገጫገጭን ዳር ይዘን ቆምን።

መኪኖች ባጠገባችን እያፏጩ ያልፋሉ፤ ባለፉ ቁጥር እንወዛወዛለን።

«ነፋሱ ነው» አለ ኦረስት።

«አዎ፣ ነፋሱ ነው» አልኩ።

ሁለታችንም ወደ ኋላ አላየንም። ውኃ ሰጠሁት፤ ግማሹን ሱሪው ላይ ደፋሁበት። የቀረውን መንገድ በስድሳ ሄድን። የአልበርታ ክፍለ ሀገር ከኋላችን በተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባ ተቀበለን።

መንገዱን ሙሉ በሆዴ ስደምር ነበር። የስፌት መኪና። መጥበሻ። ጠርሙሶች። የግድግዳ ሰዓት። ሁሉም ከኋላ። ሰውዬው አምኖኝ አጠገቤ ተቀምጧል፤ እኔ ልገድለው ነበር። በኪያር።

ያው ዕለት፣ ላሪሳ ዘንድ

ራት ላይ ላሪሳ ተሳቢዋ ከነጭነቷ ስንት ትመዝናለች ብላ ጠየቀች።

«ቀላል ናት» አልን፣ ሁለታችንም፣ በአንድ አፍ።

ሹካዋን አስቀመጠች። እሷ በአሥራ ስድስት ዓመቷ አምሽታ ስትገባ እኛ በምናያት ዓይን አየችን። ለካ ሜትሮ አስቀድሞ ደውሎላታል። ነገ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የጭነት መኪና ሚዛን እሑድ ሰው ባይኖርም ክፍት ነው፤ እዚያ ትመዘናላችሁ አለች። ኦረስት እሑድ ሥራ አይሠራም አለ። እኔም የሰንበት ክብር የት ሄደ አልኩ። ቤተ ክርስቲያን ከሄደች ዘመን የሆናት ልጄ «ለሰንበቱ እኔ እጠየቃለሁ» አለች።

ጁላይ 5፣ እሑድ

ሚዛኑ ላይ ላሪሳ መራችን። መጀመሪያ ሁሉንም፣ ከዚያ ተሳቢዋን ብቻ። ቁጥሩ በቀይ መብራት ወጣ። ሁለት ሺህ ሰባት መቶ አርባ።

ኦረስት ባርኔጣውን አወለቀ፤ የሞተ ሰው ያለበት ቤት የገባ ይመስል።

እኔ ግራ ገባኝ። የእኔ ጉድ ቢበዛ ቢበዛ መቶ ሃምሳ ኪሎ ነው። ውኃውም፣ ጋዙም፣ ልብሱም፣ ምግቡም ቢደመር እዚህ አይደርስም። ባል ነው የሚዋሸው ሚዛን ነው የሚዋሸው?

ላሪሳ ወደ ግቢዋ ወስዳ ሣሩ ላይ አስቆመችን። «አንድ በአንድ ታወርዳላችሁ» አለች።

ከእኔ ጀመረች። መጥበሻዎቹ ወጡ። ጠርሙሶቹ ወጡ፤ አራቱ ተሰብረው አልጋው ሁሉ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይላል። የስፌት መኪናዋ ከነብርድ ልብሷ ወጣች። ኦረስት እያንዳንዱ ሲወርድ ያያል፤ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣም። ጭራሽ ፊቱ ላይ ዕረፍት የሚመስል ነገር አየሁ። የግድግዳ ሰዓቱ ሲወጣ ደግሞ ዓይኑን ወደ አጥሩ አዞረ።

ከዚያ ላሪሳ በስተግራ ያለውን የኋላ አልጋ ልታነሣ ስትል ኦረስት ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

ከሥሩ ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ ወጣ። ጋራዡ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ የኖረው፣ እሱን ፈትቶ ለመሸከም ሁለት ወተት የፈጀው ሞርሳ። ለሁለት ነው ያወረድነው። ቀጥሎ ቢላ መሳያው ድንጋይ ከነማዞሪያው። የቡሎን መሳቢያዎች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሞተር ማንሻ ሰንሰለት። የእኛ ቤት ሞተር አንሥቶ አያውቅም። በመጨረሻ ላሪሳ ከፍራሹ ጀርባ በግድግዳው ልክ የቆመ ረጅም ነገር ጎትታ አወጣች። የበረዶ አካፋ ነው።

አካፋውን ይዛ ቆመች።

«አባዬ፣ አሪዞና ውስጥ የበረዶ አካፋ ምን ያደርግልሃል?»

ኦረስት አሰበበት። «ጥሩ አካፋ ነው» አለ።

እኔ መሳቅ ጀመርኩ። ሳቅ መስሎኝ ነበር የጀመርኩት፤ ላሪሳ መጥታ ስታቅፈኝ ነው ሌላ ነገር መሆኑን ያወቅሁት።

«መሄድ የምትፈልጊው አንቺ ነሽ ብዬ ነው» አለ ኦረስት፣ አሁንም ደረጃው ላይ እንደተቀመጠ።

«እኔ? መቼ ብዬ?»

«ለእህትሽ በስልክ ስትነግሪያት። ከዚህች መንገድ ሌላ ሳላይ ልሞት ነው አልሽ። ሰማሁሽ።»

ያ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ቧንቧው ቀዝቅዞ ፈንድቶ ምድር ቤቱ በውኃ የተሞላ ዕለት ነው። በዚያ ቀን ስለ ብዙ ነገር ብዙ ብያለሁ። ይህች ቃል ተመርጣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሆዱ ውስጥ ተቀምጣለች።

«አንተስ?» አልኩት። «የተሳቢውን ብሮሹር ትራስህ አጠገብ እያስቀመጥክ ስታድር አልነበር? እኔ እኮ ጡረታ ወጥተህ ባዶ እጅህን ስትቆም ሳይህ፣ ይህ ሰው መንገድ ካልወጣ ይሞትብኛል ብዬ ነው።»

«እንድታዪው ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት።»

«አየሁት።»

«አየሽው፤ እኔም ደስ ሲልሽ አየሁ።»

ላሪሳ ከሁለታችን መሃል ሣሩ ላይ ተንጋለለች። ሁለት ጤነኛ ሰዎች በአንድ አልጋ ተኝተው፣ አንዱ ሌላውን ደስ ለማሰኘት ቤት ሊሸጡ፣ ብላ ለሰማዩ አወራች። ውሻውን ይዞ የሚያልፍ አንድ ሰውዬ ዕቃውን ሁሉ አይቶ የሚሸጥ ነው ብሎ ጠየቀ፤ ሞርሳውን በዓይኑ በልቶታል። ኦረስት ከደረጃው ብድግ ብሎ «አይሸጥም» አለ። ከትናንት ጀምሮ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያየሁት ያኔ ነው። ለሰውዬው አንድ ጠርሙስ ኪያር ሰጥቼ ሸኘሁት።

ጁላይ 6

ለታኒስ እኔ ደወልኩ። ኦረስት እኔ ልደውል ቢለኝም እሱ ቢደውል ዞሮ ዞሮ ይሸጥላታል። ቤቱን እንደማንሸጥ ነገርኳት። የሕፃኑን ክፍል ቀለም መርጠው ነበር። «ቀደም ብለው ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር» አለች፤ በጨዋነት። እውነትሽን ነው አልኳት። ይህ ሲቆጨኝ ይኖራል፤ ይገባኛልም።

ለሜትሮ ኦረስት በስልክ ነገረው። ሜትሮም ፒክአፑን ይዤ መጥቼ ዕቃችሁን እመልሳለሁ፤ እዚያው ጠብቁኝ አለ። በአንድ ቀን የማይገፋ መንገድ ነው።

ጁላይ 9

ሜትሮ መጣ፣ ጫነ፣ የበረዶ አካፋውን በክብር ከላይ አሰረው።

የቀረውን ዕቃ እሱ እንዳለው ጫንን። ከባዱ ከጎማዎቹ በላይ፣ ትንሽ ወደ ፊት ያዘነበለ፤ ከኋላ ትራስና ፎጣ ብቻ። ክብደት የሚያከፋፍለውን ዘንግም በስንት ጊዜው ገጠምን። እንደገና ተመዘንን። ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ። ኦረስት ባርኔጣውን አላወለቀም።

ወደ ቤት ልንመለስ ነበር። ሜትሮ ነው የከለከለን። «እዚህ ድረስ መጥታችሁ ተራራ ሳታዩ ከተመለሳችሁ በመንደሩ የምነግረው አያልቅብኝም» አለ። ለሁለት ሳምንት ያህል ሄደን እንመለሳለን።

ጁላይ 11

ከሌዝብሪጅ ከተማ ወዲያ ያው ነፋስ፣ ያው ረጅም የጭነት መኪና። ዓይኔን ከስፖኪዮው አልነቀልኩም፤ እጄም ከእጀታዋ አልራቀም። ተሳቢዋ አንዴ ትከሻዋን ሰበቀችና እንደ ጥጃ ተከተለችን። ኦረስት በዘጠና ላይ ነው። ሦስት አሮጊቶች ቀደሙን። እያንዳንዷን እያየ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ግን ዘጠና ላይ ነው።

ጁላይ 14

ወደ ሳልሞ የሚወርደው ቁልቁለት። ከላይ የጭነት መኪኖች ፍሬናቸውን የሚፈትሹበት ቦታ አለ፤ እኛም ከግዙፎቹ መሃል ገብተን ቆምን። ኦረስት ተሳቢዋ የምትያያዝበትን ኳስ፣ ሰንሰለቶቹን፣ መብራቶቹን አየ። አንድ ሾፌር ከላይ ሆኖ አውራ ጣቱን አሳየው። ከዚያ ወዲያ ኦረስትን ማናገር አልተቻለም።

በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ እያደረገ ወረደ። ጆሮዬ ተደፈነ። በስተቀኝ ያለው ገደል ላይ ያሉት ዛፎች ጫፋቸው ነው የሚታየኝ። አልጮኽኩም። የበሩን እጀታ ግን ልነቅለው ደርሼ ነበር።

እታች ስንደርስ ቆመንና ወረድን። ኦረስት ፍሬኑ ግሎ እንደሆነ ለማየት ጎንበስ ብሎ መዳፉን ወደ ተሳቢዋ ጎማ አስጠጋ። «ነይ እስኪ» አለኝ። እኔም እጄን ዘረጋሁ። ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። አራቱንም ዞርናቸው። ሁለት ሽማግሌዎች በጠራራ ፀሐይ እሳት የሚሞቁ ይመስል እጃችንን ለጎማ ዘርግተን። የሚያልፍ ሰው ምን እንዳለን እንጃ።

ከሰዓት በኋላ ኩትኒ ሐይቅ ዳር ደረስን። ኦረስት በአንድ ሙከራ ወደ ኋላ አስገባት፤ እኔ እጄን ሳላወናጭፍ። ጫማዬን አውልቄ ቀሚሴን ሰብስቤ ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ከተራራው በረዶ የሚወርድ ውኃ ነው፤ አጥንት ይቆረጥማል።

«እንዴት ነው?» አለኝ ከዳር።

ደስ ይላል የሚለው ልማዴ አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

«አሰቃቂ ነው» አልኩት። «እግሬ የለም።»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሱሪውን አጥፎ ገባ።